የሰረቀውም የፋቀውም፦ ከብራና ግዝት እስከ ዲጂታል ስውር ማኅተም

ሰሞኑን ከያዝናቸው የፖለቲካ ክርክሮች ለአንድ ጊዜ ወጣ ብዬ ስለ አንድ የተፋቀ ስም ላወጋችሁ ነው። የተፋቀው ስም የራሴ ስለሆነ ሚዛኔ እንዳይዛባ እየሰጋሁ እጽፋለሁ፤ ከተዛባም ታዝባችሁ እለፉት።

ከሁለት ክረምት በፊት እናቴን ለመጠየቅ ባቱ ወርጄ ነበር። (ለእኔና ለእኩዮቼ ከተማዋ ዛሬም አፋችን ላይ ዝዋይ ናት፤ ሁለቱንም ስም እያፈራረቅን እንጠራለን።) አንድ የእናቴን ሰነድ ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ መደርደሪያው ላይ በፕላስቲክ ጥምዝ የተጠረዘ የኢትዮጵያ ታሪክ ማስተማሪያ አየሁ። ሥራዬ ነውና አንሥቼ ገለጥኩት። ሽፋኑ ላይ የአንድ ኮሌጅ ስምና የማላውቀው መምህር ስም ሰፍሯል። ውስጡ ግን የእኔ ነው። ከዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ሞጁል፣ ከምዕራፍ አከፋፈሉ እስከ መልመጃ ጥያቄዎቹ ድረስ።

የእኔ ስለመሆኑ እርግጠኛ ያደረገኝ ግን አንድ አሳፋሪ ነገር ነው። ስለ መቅደላ በሚናገረው ገጽ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት «ሚያዝያ 1868 ዓ.ም.» ተብሏል። ትክክለኛው 1860 ዓ.ም. ነው። በሌሊት ስጽፍ የፈረንጁን ዓመት ወስጄ የእኛን «ዓ.ም.» የቀጠልኩበት እኔ ነኝ፤ በታሪክ ዶክትሬት የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራቱን በአደባባይ መናዘዝ ቀላል አይደለም። ስሜን ፍቆ የራሱን ስም የጻፈው ሰው ስሕተቴን ሳያየው አብሮ ወስዶታል። «ጋሼ፣ ተማሪዎች በጣም ይወስዱታል» አለኝ ባለ ሱቁ ልጅ። ዋጋውን ከፍዬ የራሴን ሥራ ገዝቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስሄድ ያናደደኝ ምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። መቀዳቱ አይደለም፤ ያንን ሞጁል ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ራሴ «ገልብጡት፣ አባዙት» ብዬ ነው። ያናደደኝ መፋቁ ነው። ይህ ልዩነት በእኔ ንዴት የተጀመረ አይደለም፤ በአገራችን የመጽሐፍ ታሪክ ውስጥ በጣም የቆየ ነው። ዛሬ የዲጂታል ሥራዎችን ለመጠበቅ በዓለም ላይ በሚደረገው ክርክር ውስጥም የተዘነጋው እርሱ ይመስለኛል።

ከባቱ ዳርቻ በሞተር ጀልባ ደምበልን አቋርጦ ቱሉ ጉዶ የደረሰ ሰው ደብረ ጽዮንን ያገኛል። ትውፊቱ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም የሸሹ ካህናት እዚያ 70 ዓመት ተቀመጡ ይላል። በትውፊቱ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚሉትን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ለዛሬው ጉዳዬ የሚያስፈልገኝ ደሴቱ ላይ የሚጠበቁት ብራናዎች፣ በአጠቃላይም የአገራችን ብራናዎች የተጻፉበት ልማድ ነው።

የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም በባዶ ቅጠሎቹ ላይ፣ የማን ንብረት እንደሆነ ተጽፎ ግዝት ይከተለዋል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ሁለቱን ግሦች ልብ በሉ። የሰረቀ፣ የፋቀ። «የቀዳ» የሚል በመካከላቸው የለም። መቅዳት ዋጋ የሚያስገኝ ሥራ ነበርና ቁም ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምን ነበር። የተከለከለው ዕቃውን መውሰድና ስሙን ማጥፋት ነበር።

ከግዝቱ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላ ዘዴ ነው። በጸሎት መጻሕፍት፣ በተአምረ ማርያም፣ በድርሳናት ውስጥ ያስጻፈው ሰው ስም በአንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ አይቀርም። በየጸሎቱ መካከል፣ በየተአምሩ መጨረሻ በረከት በሚለመንበት ቦታ፣ «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም፣ ስሙ ይደጋገማል። መጽሐፉን የገዛ ወይም የዘረፈ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ማጥፋት ከፈለገ ከዳር እስከ ዳር ገጽ በገጽ እየፈለገ በምላጭ መፋቅ አለበት። ብዙዎች ይህን አድርገዋል፤ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ለአጥኚ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ ናቸው። ነገር ግን ፋቂው ሁልጊዜ ይደክማል። በአሥረኛው ቦታ ያጠፋውን በሠላሳኛው ይረሳዋል። የፋቀበትም ቦታ ሳስቶና ሻክሮ ይቀራል፤ በብርሃን ፊት ቢይዙት ይታያል፣ በጣት ቢዳስሱት ይታወቃል።

የጉልት ስጦታም በዚሁ መንገድ ይጠበቅ ነበር። የላሊበላን ዘመን ጨምሮ ነገሥታት ለገዳማት የሰጡት መሬት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ «ወርቅ ወንጌል» ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። ሰነዱ ለብቻው ቢሆን ይቀደዳል፤ ከወንጌሉ ጋር ተጠርዞ ሲኖር ግን እጅ የሚያነሣበት ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የኮምፒውተር ሰዎች «የውኃ ምልክት» የሚሉትን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስያሜው ከወረቀት የመጣ ነው። በጣሊያን ፋብሪያኖ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1282 ጀምሮ ወረቀት ሠሪዎች በማጥለያው ሽቦ ላይ ምልክት እያሰሩ፣ ወረቀቱ በብርሃን ሲታይ ብቻ የሚገለጥ ማኅተም ያሳርፉ ነበር። ዲጂታሉም በሐሳብ እንደዚያው ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለኮምፒውተር የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው፤ የእያንዳንዷ ነጥብ ድምቀት ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይለካል። 142 የነበረችውን ነጥብ 143 ብታደርጉት ዐይን አይለየውም። በምሥጢራዊ ቁልፍ በተመረጡ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ለውጥ ከበተናችሁ፣ አንዷን ነጥብ ለብቻዋ ያየ ሰው ምንም አያገኝም፤ ቁልፉ ያለው ሰው ግን ሁሉንም ደምሮ «ይህ የእኔ ነው» ማለት ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ምልክቱን ማንም በማያስተውለው የምስሉ ክፍል ይደብቁ ስለነበር፣ ምስሉ ለኢንተርኔት እንዲመች ሲጨመቅ ምልክቱ አብሮ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንገማር ኮክስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ገለበጠው፦ ምልክቱን በምስሉ ወይም በድምፁ ዋና ዋና ክፍሎች ውስጥ አስቀምጡት፤ ያኔ ምልክቱን ሊፍቅ የተነሣ ሰው ሥራውን ራሱን ሳያበላሽ አይሳካለትም የሚል ነው። ስሙን በባዶው ቅጠል ላይ ሳይሆን በጸሎቱ መካከል ጻፈው እንደ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ያለ ሒሳብ ደርሰውበት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ጥያቄውን ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደዋል። ምልክት ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል። የመቅደላን ነገር ያነሣሁት በስሕተቴ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ብዙ ብራና ሰብስበው ነበር (ከጎንደር አድባራት የወሰዱት እንደነበረበት መደበቅ አይገባም)። የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ሲይዝ 350 ያህሉ ተወስደው ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ንብረት መሆናቸው በግልጽ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ምልክቱ አልጠፋም፤ ሊቃውንቶቻቸው አንብበው በካታሎግ መዝግበውታል። ሙዚየሙም የራሱን ማኅተም ጨመረበት። ሁለቱ ምልክቶች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ጠባቂ ሕንፃ አለው፣ ሌላው ግዝቱን የሚሰማለት አላገኘም።

ከብራና ወደ ሸክላና ካሴት ስንሻገር ታሪኩ ፖለቲካ ይበዛበታል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። የዘፋኙ መብት ገና ስም ሳይኖረው የመንግሥት ሞኖፖል ቀድሞ ሕግ ሆነ። ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ሞኖፖል ጥሶ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሕግ ተላላፊ ነበር፤ ዛሬ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው እሱ ባተረፋቸው ቅጂዎች ነው። በቅጂ መብት ጉዳይ «ሕገወጥ» የሚለውን ቃል በችኮላ ለሚመዝዙ ወዳጆቼ ይህን ዘወትር አስታውሳቸዋለሁ።

ሸክላን ማባዛት ፋብሪካ ይጠይቃል። ካሴትን ማባዛት ግን ሁለት ጉሮሮ ያለው አንድ ቴፕ ይበቃዋል። በልጅነቴ ዝዋይ ውስጥ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን የፈለግነውን ዘፈን የምናስቀዳበት ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱን ሌባ ብሎ የጠራው ሰው አላስታውስም። አሳታሚዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በአንዳንድ ካሴት መጀመሪያ ላይ የሙዚቃ ቤቱን ስም የሚናገር ድምፅ ያስገቡ ነበር። ቀጂው ድምፁን ለመዝለል ሲቸኩል የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ይቆርጠዋል። እኛ ልጆች ያንን የተቆረጠ መግቢያ ስንሰማ «የተቀዳ ነው» እንል ነበር።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ለድርሰትና ለኪነ ጥበብ ባለቤትነት ቦታ ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 51 የድርሰት መብትን ማስከበር የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን አደረገው። ራሱን የቻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው ግን በ1996 ነው። ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉ፣ ለወራሾቹም ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሰጠ። መብቱን አስቦ ለጣሰ ሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት አዘዘ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቅጣት ከባድ ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ዳር ሲዲ የሚሸጥን ልጅ 5 ዓመት ማሰር የሚጨንቀው ዳኛ፣ ክሱን ለማቅረብም የሚያመነታ ዐቃቤ ሕግ ይኖራል። እጅግ የከበደ ቅጣት ከቅጣት አልባነት ጋር ጎረቤት ነው። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፈተ፤ አሰባሰቡ ግን ለዓመታት ተጓትቷል። ዘፈን በሬዲዮ ሲለቀቅ የማን እንደሆነ በራሱ የሚናገር ስውር ማኅተም ቢኖረው ለዚህ ሥራ ምን ያህል በጠቀመ! የትኛው ጣቢያ የማንን ሥራ ስንት ጊዜ እንዳሰማ ማሽን ይቆጥረዋል፤ ማኅበሩ ከጣቢያዎች መዝገብ አይለምንም።

በውጭው ዓለም ግን ኩባንያዎቹ በምስክሩ አልረኩም፤ ቁልፍም ፈለጉ። ኤስ.ዲ.ኤም.አይ. የተባለ የሙዚቃና የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 «ስውር ማኅተማችንን መስበር የቻለ ይሞክር» ብሎ ሽልማት አዘጋጀ። የፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ፌልተንና ባልደረቦቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀረቡትን አራቱንም ማኅተሞች እንዳሸነፉ አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱን በጉባኤ ሊያቀርቡ ሲሉ የክስ ማስፈራሪያ ደረሳቸውና ጽሑፉን ለጊዜው አነሡት፤ ያቀረቡት በነሐሴ 2001 ነው። መዝጊያን በማኅተም ለመሥራት የተደረገው ሙከራ ምሁርን ዝም ለማሰኘት ተቃርቦ ነበር።

ማኅተሙ ምስክር ብቻ ሆኖ የሠራበትም ጊዜ አለ። የኦስካር ሽልማት ለሚመርጡ አባላት የሚላኩ የፊልም ቅጂዎች እያንዳንዳቸው የተለየ ስውር ምልክት ይደረግባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የወጡ ፊልሞች ምልክታቸው ሲነበብ ወደ አንድ አንጋፋ ተዋናይ መሩ፤ አካዳሚውም ከአባልነት አሰናበተው። ምልክቱ ማንንም ከመቅዳት አላገደም። ምልክቱን አንብቦ የሚወስን አካል ስለነበረ ግን ዋጋ ነበረው።

የመዝጊያን ጉዳት ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩትን የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ፊደላችን ከ200 በላይ ቅርጽ ስላለው በአንድ የላቲን ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ አይበቃም ነበርና እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደላቱን በመሰለው መንገድ ይደረድር ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሲሰጥ ያ ዘመን ማብቃት ጀመረ፤ በቢሮዎች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቆይቷል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ የጻፍኳቸው የቃል ታሪክ መዝገቦች አሉኝ፤ ከሐይቁ ደሴቶች የዛይ ሽማግሌዎችን ጠይቄ የጻፍኳቸው። ፋይሎቹ አሉ፤ ፕሮግራሙ የለም። ከተናገሩልኝ ሽማግሌዎች አሁን በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ባለቤቱን ራሱን ደጅ የሚያስቀር መዝጊያ እንዲህ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በጄኔቫ የተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 11 መዝጊያን ስለ መስበር ነው፤ አንቀጽ 12 ስለ ባለመብቱ የሚናገረውን ኤሌክትሮኒክ መረጃ ስለ መፋቅና ስለ መለወጥ ነው። የዓለም ጩኸት ሁሉ በአንቀጽ 11 ላይ ነበር። በእኔ ግምት ለእኛ የሚቀርበን 12ኛው ነው። የደብረ ጽዮን መነኮሳት ቢያነቡት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

ዛሬ በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን የአማርኛ መጻሕፍት ቅጂዎች ተመልከቱ። ደራሲው ሦስት ዓመት የደከመበት መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በነፃ ይበተናል። በየገጹ ላይ ደግሞ በደብዛዛ ፊደል ስም ታትሞበት ታያላችሁ። የደራሲው እንዳይመስላችሁ፤ የበተነው ቻናል ስም ነው! ወሳጁ ሌላ ወሳጅ እንዳይወስድበት ማኅተሙን አሳርፏል። የስውር ማኅተምን ጥቅም ከደራሲዎቻችን ቀድሞ የተረዳው እርሱ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብራናዎቻችን ፎቶግራፍ እየተነሡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩትን አትርፏል፣ በቅርቡም ብዙ ዲጂታል ሥራ ተሠርቷል። አንሺዎቹን አመሰግናለሁ። ነገር ግን በምስሉ ውስጥ የሚገባው መለያ የማን ነው? አሁን ካሜራዎችና ሶፍትዌሮች የምስሉን አመጣጥ በምስሉ ውስጥ መዝግበው እንዲይዙ የሚያደርግ የጋራ መመዘኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው ሲ.ቱ.ፒ.ኤ. የሚያዘጋጀው፣ እየተስፋፋ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ የገዳሙ ስም ዛሬ ካልገባ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የሚነበበው አንሺው ተቋም ብቻ ይሆናል። የመቅደላው ብራና ቢያንስ ሁለቱም ምልክት አለው።

ወደ ሞጁሌ ልመለስ። ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አላገኘሁም። ፍርድ ቤት መሄዱ ከሞጁሉ ዋጋ በላይ ነው። ስለዚህ እንደ ታሪክ ተማሪ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። የመቅደላን ዓመት አረምኩ፤ ስሕተትን ማኅተም አድርጎ መተው ለመምህር አይገባምና። በምትኩ ፊደላችንን ተጠቀምኩ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሕዝብ» እና «ህዝብ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ኃይል» እና «ሀይል»፣ «ሠራዊት» እና «ሰራዊት» ብንጽፍ አንባቢ አይደናቀፍም። በተወሰኑ ገጾች ላይ ስድስት ቃላት ብትመርጡ፣ እያንዳንዱም ሁለት አጻጻፍ ካለው፣ 64 የተለያዩ ቅጂዎች ይወጣሉ። የዚያ ዓመት ክፍሌ 58 ተማሪ ነበረው። ለእያንዳንዱ የራሱን አደረስኩ፤ የማን የትኛው እንደሆነ በማስታወሻዬ ያዝኩ። (ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወንድሞቼ ይህን ይፍቀዱልኝ። ትጉህ አራሚ ቢያገኘው ማኅተሜ በግማሽ ሰዓት እንደሚታጠብም አውቃለሁ።)

ባለፈው ወር ባቱ ስሄድ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። አዲሱ ሞጁል መደርደሪያው ላይ ነበር። ገዛሁትና ከሐይቁ ዳር ተቀምጬ ስድስቱን ቃላት ፈለግኩ፤ የየትኛው ተማሪ ቅጂ እንደሆነ አወቅኩ። ከዚያ ወደ ሽፋኑ ተመለስኩ። ስሜ በቦታው ነበር፤ ፎቶ ኮፒው ትንሽ ቢያደበዝዘውም ይነበባል። ሰኞ ክፍል ስገባ ልጁ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ስለ ጉዳዩ ምንም አላልኩትም።